የኋላው የፍሬን ዲስክ ለምን አነሰ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመኪናቸውን አራቱንም ጎማ አስፈትተው የፍሬን ዲስኮቹን፣ ማለትም ከጎማው ጋር አብረው የሚዞሩትን የብረት ሳህኖች፣ ጎን ለጎን ያዩ ባለመኪኖች ዘንድ የማይቀር አንድ ንግግር አለ፦ «የኋላው እንዴት እንዲህ አነሰ? አምራቾቹ ብረት ቆጥበው ነው!» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ዝም ብዬ ባለፍሁት። ነገር ግን ወዲያው «እንግዲያው ከኋላም ትልቅ ዲስክ ግጠምልኝ፣ መኪናው ይበልጥ እንዲቆም» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ይህ ጥያቄ ሰው ይገድላል።

መኪና ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሻገራል። ድንገት ሲቆም አፍንጫው ሲደፋና ጅራቱ ቀና ሲል መንገድ ዳር የቆመ ሁሉ ያያል፤ የሚሻገረው ክብደት ግን ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና እንውሰድ። ቆሞ ሳለ 900ው በፊት ጎማዎች፣ 600ው በኋላዎቹ ላይ ያረፈ ይሁን። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 2.7 ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 54 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ በኃይል ተይዞ የፍጥነቱ አቀናነስ የመሬት ስበትን 80 በመቶ ሲያህል፣ 240 ኪሎ ግራም ከኋላ ወደ ፊት ያልፋል። ያን ጊዜ የፊቶቹ 1140፣ የኋላዎቹ 360 ኪሎ ግራም ብቻ ይሸከማሉ። ጎማ መሬቱን የመያዝ ዐቅሙ የሚመጣው ከላዩ ካረፈው ክብደት ነውና፣ ከማቆሙ ሥራ ሦስት አራተኛው የፊት ጎማዎች ድርሻ ይሆናል።

እንግዲህ ከኋላ ትልቅ ዲስክ ገጠምን እንበል። ሸራው (ዲስኩን ተጭኖ በፍትጊያ የሚያቆመው ክፍል) ከጎማው መሐል ይበልጥ ርቆ ስለሚይዝ፣ በዚያው የፔዳል ግፊት ጎማውን የሚያቆመው ጉልበት ይጨምራል። መሬቱ ላይ ያለው ክብደት ግን ያው 360 ኪሎ ነው፤ ዲስክ ስለተለወጠ አንዲት ኪሎ አይጨምርም። ስለዚህ ጎማው ይቆለፋል፤ መሽከርከሩን አቁሞ ይንሸራተታል ማለት ነው። የተቆለፈ ጎማ ደግሞ መኪናውን በመስመሩ ላይ የሚያቆየውን የጎን ይዞታ ከሞላ ጎደል ያጣል። የፊቶቹ ቢቆለፉ መኪናው ለመሪ አይታዘዝም እንጂ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። የኋላዎቹ ቀድመው ከተቆለፉ ግን ጅራቱ ፊቱን ሊቀድም ይዞራል፤ ይህን በመሪ መልሶ ማቃናት የሚችል ሹፌር ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ፍሬን ደንብ ቁጥር 13-ኤች የፍሬኑ ክፍፍል የኋላው ከፊቱ ቀድሞ እንዳይቆለፍ ሆኖ እንዲሠራ የሚያስገድደው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ደንበኛ ኤ.ቢ.ኤስ. (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) በሌለው አሮጌ መኪናው ላይ ከሌላ ከባድ መኪና የተፈታ የኋላ ዲስክና ካሊፐር (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) አስገጥሞ ነበር። ብቻውን፣ ሻንጣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሲነዳ፣ ኩርባ ላይ ፍሬን ሲይዝ ዞረበት። መንገዱ ደረቅ ነበር። መኪናው ወደ እኔ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት ጎማዎቹን ነው፤ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ በአንድ በኩል ብቻ መዳፍ የሚያክል ተልጎ የተላጠ ቦታ ነበር፣ የፊቶቹ ግን ምንም አልነካቸውም። የኋላዎቹ ለመቆለፋቸው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ሁሉንም ፈትቼ የራሱን ዲስክ መለስሁለት።

«የእኔ መኪና ኤ.ቢ.ኤስ. አለው» የሚል ካለ፣ ኤ.ቢ.ኤስ. የሚሠራው ሊቆለፍ ከደረሰው ጎማ ላይ ግፊት በመቀነስ ነው። ገንዘብ የወጣበት ትልቁ ዲስክ በጣም በሚያስፈልግበት ቅጽበት ሥራ እንዳይሠራ ይደረጋል ማለት ነው።

ሌላው ስሕተት፣ የፊቱ ዲስክ የሚተልቀው ሞተሩ የፊት ጎማዎችን ስለሚያሽከረክር ነው የሚለው ነው። አይደለም። በኋላ ጎማ የሚነዱ መኪኖችም የፊት ዲስካቸው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ነው። ሞተር ብስክሌትን እዩ፤ ሰንሰለቱ የሚጎትተው የኋላውን ጎማ ሆኖ ሳለ ትልቁ ዲስክ፣ አንዳንዴም ሁለቱ፣ ከፊት ናቸው። ሞተራቸው ከኋላ በተቀመጠ መኪኖች ልዩነቱ የሚጠበው መኪናው ቆሞ ሳለ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ ነው።

ስፋት ብቻ የሚያዩም ውፍረቱን ይረሱታል። 1500 ኪሎ ግራም መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲቆም ወደ 580 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህ የሚሆነው በጥቂት ሰከንድ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አብዛኛው የሚያርፈው በፊት ዲስኮች ላይ ነው። የፊቱን ዲስክ ጠርዝ ብትመለከቱ ሁለት ሳህኖች ተደርበው፣ በመካከላቸው አየር የሚያልፍባቸው ክፍተቶች ታያላችሁ። የኋላው ብዙ ጊዜ አንድ ድፍን ሳህን ነው፣ የሚደርሰው ሙቀት ያን ያህል ስላልሆነ። በዚህም የተነሣ ሁለቱ ሳስተው እስኪጣሉ ድረስ የሚፈቀድላቸው ዝቅተኛ ውፍረት የተለያየ ነው። ቁጥሩ በዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ የፊቱን ይዞ የኋላውን የሚለካ መካኒክ ደኅናውን ዲስክ ያስጥላችኋል። ሲለካም ሸራው ያልነካውን የዛገ ጠርዝ ትቶ ነው።

ከኋላ በዲስክ ፈንታ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ መሰል ፍሬን) ያለው መኪና ርካሽና አደገኛ ነው? ለቀላል መኪና ታምቡር ለኋላው ድርሻ በቂ ነው፤ የእጅ ፍሬንም በደንብ ይይዛል።

የኋላው ሸራ ቀድሞ ካለቀ ብልሽት አለ? የግድ አይደለም። በዘመናዊ መኪኖች ቀላል አያያዝ ላይ ኮምፒውተሩ ለኋላው ብዙ ድርሻ ይሰጣል፣ ሸራውም ትንሽ ነው። ከአንድ ጎን ብቻ ካለቀ ግን የካሊፐሩን ፒስተንና ማንሸራተቻዎቹን ፈትሹ።

ጭነት የሚጭኑ ሰዎች «የእኔ ክብደት ከኋላ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ በብዙ ፒካፖችም ታስቦበታል፤ ከሻንሲው ሥር ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። ጭነት ሲበዛ የመኪናው ጀርባ ይወርዳል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይከፍተዋል፣ ለኋላው ፍሬን የሚደርሰው ግፊት ይጨምራል። ችግሩ የሚመጣው ባሌስትራ (ከኋላ አክስል ጋር የተያያዘ የብረት ስፕሪንግ) ተጨምሮ ጀርባው ከፍ ሲል ነው። ቫልቩ መኪናው ባዶ ይመስለዋል፤ ሙሉ ጭነት ተሸክሞም የኋላው ፍሬን በግማሽ ልብ ይይዛል፣ የፊቱ ሸራ ይቃጠላል። ባለቤቱ ታዲያ ትልቅ የኋላ ዲስክ ፍለጋ ይዞራል፤ የሚያስፈልገው ግን የዘንጉን ርዝመት በአዲሱ ከፍታ ልክ ማስተካከል ነው።