የተጎዳ ሕይወት በፈረንሳይ ፊልሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኑሮ ያጎሳቆላቸውን ሰዎች ታሪክ የሚያቀርቡት የፈረንሳይ ድራማዎችና ወጣ ያሉ ኮሜዲዎች ብዙ ጊዜ ሳይታዩ ይፈረድባቸዋል። ከዚህ በታች ያሉት አስተያየቶች ከፊልም ወዳጆች አፍ ሳይቀር ይሰማሉ። እኔ ግን እነዚህ ፊልሞች ሰውን ከነጉድለቱ፣ ሳያዝኑለትም ሳይኮንኑትም፣ በቅርብ የማየት ብርቅ ችሎታ እንዳላቸው አምናለሁ፤ ይህ ችሎታቸው በስማ በለው ተሸፍኖ እንዲቀር አልፈልግም።

«ፊልሞቹ ቀርፋፋና ጨለምተኛ ናቸው፤ የአገሩ ሕዝብ እንኳ አያያቸውም»

በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የኦሊቪዬ ናካሽና የኤሪክ ቶሌዳኖ «ኢንቱሻብል» በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ከ19 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል። ታሪኩ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ የማይችል አንድ ባለጸጋና ከእስር ቤት በወጣ ማግስት ረዳቱ ሆኖ የተቀጠረ ወጣት የሚያሳልፉት ሕይወት ነው። በ2018 ደግሞ የዢል ለሉሽ «ለ ግራን ባን» ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል፤ እሱም በድባቴ የተያዘ ሥራ ፈት አባወራ ኑሮ ከከበዳቸው ሌሎች ወንዶች ጋር በሙዚቃ የሚታጀብ የቡድን ዋና ሲለማመድ ያሳያል።

«ኮሜዲዎቹ በታማሚና በአካል ጉዳተኛ ላይ ይሳለቃሉ»

ከሁሉ ይልቅ ሊታረም የሚገባው ይህ ነው። በ«ኢንቱሻብል» ውስጥ ድሪስ የተባለው ረዳት በአሠሪው በፊሊፕ እግር ላይ ትኩስ ሻይ ያፈሳል፤ ፊሊፕ ንቅንቅ ሳይል ሲቀር በመገረም ደግሞ ያፈስበታል። ትዕይንቱ በወሬ ሲነገር ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ አንድ ወዳጁ እንዲህ ያለ ርኅራኄ የሌለው ሰው ቤቱ እንዳያስገባ ሲያስጠነቅቀው፣ ፊሊፕ የፈለገው ይህንኑ፣ ማለትም የማያዝንለትን ሰው እንደሆነ ይነግረዋል፤ ድሪስ የፊሊፕ እጅ እንደማይሠራ እየረሳ ስልክ የሚያቀብለው ሰው ነውና። የሚያስቀን የፊሊፕ ጉዳት ሳይሆን፣ ሌሎች ሁሉ በፊቱ ሲጠነቀቁና ድምፃቸውን ሲያለዝቡ ይህ አንድ ሰው ያንን ወግ አለማወቁ ነው።

ፊልሙ ያለ ነቀፋ አላለፈም። ታሪኩ የተመሠረተው በፊሊፕ ፖዞ ዲ ቦርጎ እውነተኛ ሕይወት ላይ ሲሆን፣ በአልጄሪያ የተወለደው እውነተኛ ረዳቱ አብደል ሰሉ በፊልሙ ውስጥ ከሴኔጋል ቤተሰብ የመጣ ጥቁር ሰው ሆኗል፤ አንዳንድ የአሜሪካ ሐያስያንም ነጭ ጌታውን የሚያዝናና ጥቁር አገልጋይ የሚታይበትን የቆየ አሳሳል ደግሟል ብለዋል። ይህ ትችት የሚናቅ አይመስለኝም። ሆኖም ትችቱ የሚነሣው ከዘር አሳሳሉ እንጂ ከአካል ጉዳቱ አቀራረብ አይደለም። ድሪስን የተጫወተው ኦማር ሲ በ2012 ሴዛር የተባለውን የፈረንሳይ ፊልም ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ ሆኗል።

በ2020 የወጣው የአልቤር ዱፖንቴል ኮሜዲ «አዲዩ ሌ ኮን»ም ለዓመታት በተነፈሰችው የፀጉር ስፕሬይ ምክንያት ልትሞት መሆኑን የሰማች ፀጉር ሠሪ በ15 ዓመቷ ወልዳ የተለያትን ልጅ ስትፈልግ ያሳየናል። የሚረዷት አንድ ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ያልተሳካለት የመንግሥት ሠራተኛና አንድ ዓይነ ስውር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ይህ ሁሉ እያሳቀ ያስለቅሳል፤ በ2021ም የሴዛርን የምርጥ ፊልም ሽልማት አግኝቷል።

«ያለ ድርሰት በዘፈቀደ ይቀርጻሉ፤ ፊልሞቹም መጨረሻ የላቸውም»

ለዚህ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1959 የወጣውና ወደ ማረሚያ ስለተላከ ልጅ የሚናገረው የፍራንሷ ትሩፎ «ሌ ካትር ሳን ኩ» ነው። እውነታው ግን ትሩፎ ድርሰቱን ከማርሴል ሙሲ ጋር አብሮ ጽፎታል። በነጻነት የተሠራው አንድ ትዕይንት ነው፤ በማረሚያው ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ድምፅ ብቻ እየተሰማ፣ ካሜራው ከልጁ ፊት ሳይነቀል፣ ልጁን የተጫወተው ዣን-ፒየር ሌኦ ለጥያቄዎቹ በራሱ ቃል ይመልሳል። ለምን እንደሚዋሽ ሲጠየቅ፣ እውነቱን ቢናገርም ስለማያምኑት መዋሸት እንደሚሻለው ይናገራል። እጁ ጠረጴዛው ላይ እረፍት ያጣል። በራሱ በትሩፎም የልጅነት ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ማረሚያ አለ።

ልጁ ከማረሚያው አምልጦ፣ ሮጦ ባሕሩ ዳር ከደረሰ በኋላ ፊልሙ ፊቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቤተሰቡም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ማረሚያውም ምን እናድርገው ለሚለው ጥያቄ መልስ አላገኙለትም፤ ዳይሬክተሩ መልስ ፈጥሮ ቢጨምር ኖሮ ከዚያ በፊት ያሳየንን ሁሉ ባፈረሰ ነበር።

«መንግሥት ማንም ለማያየው ፊልም ከግብር ከፋዩ ኪስ ይከፍላል»

በ1946 የተቋቋመውና ለፊልሞች ገንዘብ የሚሰጠው ብሔራዊ የሲኒማ ማዕከል ዋና ገቢው ከዘርፉ ከራሱ የሚሰበሰብ ነው። ከእያንዳንዱ የሲኒማ ቲኬት፣ ፊልሙ የአሜሪካም ይሁን የፈረንሳይ፣ 10.72 በመቶ ይቆረጣል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና የቪዲዮ አገልግሎቶችም ድርሻ አለባቸው። በመሆኑም የሆሊውድ ፊልም ሊያይ የገባ ሰው ለቀጣዩ የፈረንሳይ ፊልም ገንዘብ አዋጥቶ ይወጣል። ከፊሉ ገንዘብ ፊልማቸው ብዙ ለታየላቸው አምራቾች ለሚቀጥለው ሥራ እንዲውል ይመለሳል፤ ሌላው ድርሰቱ በኮሚቴ ተነብቦ የሚሰጥና ከገቢው የሚመለስ ቅድሚያ ክፍያ ሲሆን፣ አንድሬ ማልሮ የባህል ሚኒስትር በነበረበት በ1959 ተጀምሯል።

«ፈረንሳይኛ የሚነገርበት ሁሉ የፈረንሳይ ፊልም ነው»

አይደለም። በ1999 በካን ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ያገኘው «ሮዜታ» የቤልጂየማውያኑ የዳርደን ወንድማማቾች ሥራ ነው።

«የሚያሳስባቸው የፓሪስ ሀብታሞች የፍቅር ጣጣ ነው»

የማትዩ ካሶቪትዝ «ላ ኤን» በ1995 የከተማዋን ዳርቻ ሰፈሮች ወጣቶች ቁጣ አሳይቷል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ2005 የወጣው የራዱ ሚሃይሌያኑ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ነው። በ1984 በሱዳን መጠለያ ያለች አንዲት ክርስቲያን ኢትዮጵያዊት ልጇን ከረሃብ ለማዳን፣ የራሷ ልጅ ከሞተባት ቤተ እስራኤላዊት ጋር ወደ እስራኤል ትልከዋለች። ልጁ እንደደረሰ ገላውን ሲያጥቡት ውሃው በከንቱ ወደ ቀዳዳው ሲወርድ አይቶ እየጮኸ ሊያስቆመው ይሞክራል። ኋላም ማንነቱን ደብቆ ፈረንሳይኛ በሚናገሩ አሳዳጊዎች ቤት ያድጋል። ከዕብራይስጥና ከፈረንሳይኛ ጋር አማርኛ የሚነገርበት ይህ ፊልም በ2006 የሴዛርን የምርጥ ወጥ ድርሰት ሽልማት ወስዷል።