የወታደር ግጥም ምንድን ነው?

ስለ ጦርነት የተገጠመ ሁሉ የወታደር ግጥም አይደለም። ግንባር ሳይረግጡ፣ ከደጀን ሆነው ለዘማቹ የሚገጥሙ ሞልተዋል። የወታደር ግጥም የምንለው ተዋጊው ራሱ የገጠመውን ነው። ስያሜው አብዝቶ የሚነሳው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ገጣሚያን ጋር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ ግጥሙ ለፉከራ የቀረበ ነበር። ሩፐርት ብሩክ በ1914 ለአገር መሞትን እንደ ጸጋ ቆጥሮ ገጠመ። ከግጥሞቹ አንዱ በ1915 የፋሲካ ዕለት በለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በስብከት መካከል ተነበበ። ብሩክ በዚያው ወር በቱርክ ወዳለው የጋሊፖሊ ግንባር ሲጓዝ ደሙ ተመርዞ፣ በ27 ዓመቱ ሞተ። ሌሎቹ የከረሙበት የምሽግ ጭቃ ለእሱ አልደረሰውም።

ጁላይ 1 ቀን 1916 በፈረንሳይ በተካሄደው የሶም ውጊያ፣ በአንድ ቀን ብቻ ከ19,000 በላይ የእንግሊዝ ወታደሮች አለቁ። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ግጥም ድምፁ ሌላ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ቁጣው ያነጣጠረበት አቅጣጫ ነው። ፊት ለፊት ከቆመው ጠላት ይልቅ ከኋላ ያሉት ላይ ያርፋል፤ ባዘዙት፣ ባጨበጨቡት፣ እያወቁ ዝም ባሉት ላይ።

የሲግፍሪድ ሳሱንን አንድ አጭር ግጥም እንይ። ጄኔራሉ ወደ ግንባር ለሚያልፉት ወታደሮች በፈገግታ «እንደምን አደራችሁ» ይላል። ሃሪና ጃክ ጠመንጃና ጓዛቸውን ተሸክመው እየተጎተቱ፣ ሽማግሌው ደስ የሚል ሰው መሆኑን ያወራሉ። በመጨረሻው ስንኝ ሁለቱንም ያስጨረሳቸው የእሱ የማጥቃት ዕቅድ መሆኑን እንረዳለን። ጀርመን የሚል ቃል በግጥሙ ውስጥ አንዴም የለም።

ሳሱን ፈሪ አልነበረም፤ የጀግንነት ሜዳሊያ የተሸለመ መኮንን ነው። በ1917 ጦርነቱ ሆን ተብሎ እየተራዘመ ነው ብሎ በጽሑፍ ተቃወመ፤ ጽሑፉም በፓርላማ ተነበበ። ለጦር ፍርድ ቤት ከማቅረብ ይልቅ አእምሮው ታውኳል ብለው ኤድንብራ አጠገብ ወዳለ ሆስፒታል ላኩት።

ዊልፍሬድ ኦወንን ያገኘው እዚያ ነው። ኦወን ስለ መርዝ ጋዝ የገጠመው፣ ለእኔ የዚህ ዘመን ግጥም ሁሉ አውራ ነው። የደከሙ ወታደሮች እየተንገዳገዱ ሲመለሱ ጋዝ ይወርድባቸዋል። ጭምብል ለማጥለቅ ይራወጣሉ፤ አንዱ ይዘገይበታል። ተራኪው በጭምብሉ መስታወት ውስጥ ሆኖ፣ ጓዱ በአረንጓዴ ባሕር እንደሰመጠ ሰው ሲታፈን ያየዋል። በጋሪ ላይ ወርውረውት ከኋላ ይከተላሉ፤ ደሙ ከሳንባው እየተንደቀደቀ ይወጣል። ከዚያ ገጣሚው ድንገት ወደ አንባቢው ይዞራል፦ አንተም ይህን ብታይ፣ ለአገር መሞት ጣፋጭ ነው የሚለውን አሮጌ ውሸት ክብር ለተራቡ ልጆች አትነግርም ነበር። «ውሸት» ያለው የጥንቱን ሮማዊ ባለቅኔ የሆራስን ዝነኛ ስንኝ ነው።

የአገጣጠም ስልቱም አብሮ ተለወጠ። ኦወን በአንዳንድ ግጥሞቹ ተነባቢዎቹን አስማምቶ አናባቢውን ይቀይራል፤ ቤቱ ሊመታ ብሎ ይስታል፣ ጆሮም ሳያርፍ ይቀራል። ተራ ወታደር የነበረው አይዛክ ሮዘንበርግ ደግሞ ቁጣም አላሰማም። ከሁለቱም ወገን ምሽግ የምትመላለስ አይጥን ያናግራል፤ የእንግሊዙን እጅ እንደነካሽ የጀርመኑንም ትነኪያለሽ ይላታል።

እነዚህን ሰዎች «ጦርነት ጠል» ብሎ ማለፍ ያቃልላቸዋል። ሳሱንም ኦወንም ወደ ግንባር ተመልሰዋል፤ ወታደሮቻቸውን ጥለው መቅረት አልሆነላቸውም። ሮዘንበርግ በኤፕሪል 1918 ተገደለ። ኦወንም ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ኖቬምበር 4 ቀን ወደቀ። የያኔው ወታደር ሁሉ እንደ እነሱ ያስብ ነበር ማለትም አይደለም። በጦርነቱ ዓመታት ሰፊው ሕዝብ የሚያነበው ብሩክን ነበር፤ የኦወን መድበል በሳሱን አዘጋጅነት የታተመው በ1920፣ ገጣሚው ከሞተ በኋላ ነው።