የአማርኛ ጋዜጣ፦ ከአእምሮ እስከ ቴሌግራም

የአማርኛ ጋዜጣ ታሪክ ተሟልቶ በአንድ ቦታ አይገኝም። ግማሹ ጋዜጦቹ ለልደታቸው ባወጧቸው ልዩ እትሞች፣ ግማሹ በአዋጆች፣ የቀረው ደግሞ በአንባቢዎች ትዝታ ውስጥ ተበታትኗል። እዚህ የተሰበሰበው ያንን ነው፤ የወረቀት ጋዜጣ እንዴት እንደተመናመነ፣ በቦታው የመጣው የኦንላይን ዜና ደግሞ ለምን ያን ያህል እንዳልታመነ።

አጀማመር

በአማርኛ ቀዳሚው ጋዜጣ አእምሮ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ዓ.ም.፣ እንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ በእጅ እየጻፈ ያዘጋጀው ነበር። ስሙን ያወጡለት ምኒልክ ናቸው ይባላል። በትክክል በየትኛው ዓመት እንደጀመረ ጸሐፊዎች አይስማሙም። በዚያው ሰሞን ሐረር ላይ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያወጡ ስለነበር የቀዳሚነት ክርክር አልፎ አልፎ ይነሳል፤ በአማርኛ ግን አእምሮን የሚቀድም የለም።

በኋላ አጼ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። በማተሚያ ቤቱ ስም የተጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። ጣሊያን ሲገባ ያ ሁሉ ቆመና ወራሪው የራሱን የአማርኛ ጋዜጣ ማሳተም ያዘ።

ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ ከአንድ ወር ትንሽ ቆይቶ፣ ግንቦት 30፣ አዲስ ዘመን ተወለደ። ይህ ጋዜጣ በሦስት የተለያዩ ሥርዓቶች ሥር አልፎ እስከ ዛሬ ዘልቋል። የመንግሥት ልሳን መሆኑ አይካድም። ነገር ግን እንደ በዓሉ ግርማ ያሉ ብዕረኞች በዋና አዘጋጅነት የመሩት ቤት ነው፤ የአማርኛ የዜና አጻጻፍ ብዙውን ነገር የተማረው እዚያ ነው። ጳውሎስ ኞኞ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው አምዱ የአንባቢን ደብዳቤ እየተቀበለ ይመልስ ነበር። ጥያቄው ስለ ታሪክም፣ ስለ ትዳርም፣ ስለ ምንም ሊሆን ይችላል። አንባቢው ግን መልስ የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ያውቅ ነበር። የጋዜጣ አመኔታ አንዱ ሥሩ ይሄ ነው።

በደርግ ዘመን ጋዜጦቹ በሳንሱር ሥር ወጡ፤ ከእነ አዲስ ዘመን ጎን ሠርቶ አደር የሚባል ጋዜጣም ነበር።

የግል ጋዜጦች ዘመን

በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ፣ ቁጥር 34/1985፣ ብዙ ነገር ለወጠ። ሳንሱር ቀረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዟሪዎች ይዘውት የሚዞሩት የጋዜጣና የመጽሔት ብዛት ለመቁጠር አስቸገረ፤ ጦቢያ፣ ጦማር፣ ምኒልክ፣ ኢትኦጵ፣ አስኳል፣ ሌላም ሌላም። ሪፖርተር በ1988፣ አዲስ አድማስ በ1992 ዓ.ም. መጡ። አዲስ አድማስ በተለይ ፖለቲካውን ከሥነ ጽሑፍና ከኪነ ጥበብ ጋር አጣምሮ የቅዳሜ ንባብን ልማድ ያደረገ ጋዜጣ ነው።

ጋዜጣ መግዛት ያልቻለ ሰው ይከራይ ነበር። አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ እንዲሁም ፒያሳ አካባቢ፣ አከራዮቹ ጋዜጣቸውን መሬት ላይ ደርድረው ይቀመጡ ነበር። አንባቢው ሳንቲም ከፍሎ ድንጋይ ላይ ወይም ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያነባል። አንብቦ ይመልሳል። ብዙ ከቆየ ሂሳቡ ይጨምራል። ሥራ ፈላጊዎች ከአዲስ ዘመንና ከሪፖርተር የሚፈልጉት የክፍት ሥራ ማስታወቂያውን ስለነበር ደብተር ይዘው ይመጡና አድራሻውን ገልብጠው ይሄዳሉ። አንድ ቅጂ በቀን ውስጥ ስንት እጅ ላይ እንደሚያልፍ ቆጥሮ ያቆየ የለም። ስለዚህ ከማተሚያ ቤት የወጣውን ቅጂ ብቻ አይተው «ያኔም ቢሆን አንባቢ አልነበረም» የሚሉ ሰዎች በጣም ተሳስተዋል።

የእነዚያ ዓመታት ጋዜጦች ሁሉ ንጹሕ ነበሩ ማለት ግን አይቻልም። በ«ውስጥ አዋቂ ምንጮች» ስም ወሬ ያተሙ ነበሩ። ርዕሱ ሌላ፣ የውስጡ ዜና ሌላ የሆነበትም ጊዜ ብዙ ነው። ልዩነቱ ተጠያቂው መታወቁ ነው። የአሳታሚው፣ የዋና አዘጋጁና የማተሚያ ቤቱ ስም ከአድራሻ ጋር በየእትሙ ይታተማል። ስሙ የጠፋ ሰው መልስ የመስጠት መብት በሕግ አለው። የታተመው ደግሞ ታትሟል፤ ማታ ተነስቶ የሚያርመው ወይም የሚያጠፋው የለም። እርማት ካስፈለገ በሚቀጥለው እትም በግልጽ ይወጣል።

መመናመኑ

ውድቀቱ በአንድ ቀን አልመጣም። የ1997ቱ ምርጫ ሰሞን የጋዜጣ ገበያ ደርቶ ነበር። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ብዙ ጋዜጠኞችና አሳታሚዎች ታሰሩ፤ ጋዜጦቻቸውም በዚያው ጠፉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድም አልቆየም። አዲስ ነገር በኅዳር 2002 ተዘጋ፤ አዘጋጆቹ ከአገር ወጡ። አውራምባ ታይምስ በ2004 ተከተለ። ፍትሕ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ እንዳይታተም ተደረገ።

በዚያው 2004 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ለአሳታሚዎች አዲስ የኅትመት ውል አቀረበ። ውሉ ማተሚያ ቤቱ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያሰበውን ጽሑፍ አላትምም እንዲል ይፈቅድለታል። አሳታሚዎች «ሳንሱር በጓሮ በር ተመለሰ» ብለው ተቃወሙ፤ ማተሚያ ቤቱ በበኩሉ ከተጠያቂነት ለመዳን ነው አለ። ጋዜጣ በብዛት ሊያትም የሚችለው ቤት እሱ ስለነበር አሳታሚዎቹ ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም።

ጋዜጦቹን የገደላቸው ፖለቲካው ነው ወይስ ገበያው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ሁለቱም እጃቸው አለበት። የጋዜጣ ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ምንዛሪ ሲጠፋ ወረቀት ይጠፋል፤ ብር ሲወርድ የኅትመት ዋጋ ይሰቀላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ቀድሞም ያቃስት የነበረው አሳታሚ የባሰ ሸክም ወደቀበት። ዋጋ ቢጨምር አንባቢ ይሸሻል፤ ባይጨምር ኪሳራ ነው። ገጽ መቀነስ፣ ከሳምንታዊነት ወደ ወርኃዊነት መውረድ፣ ከዚያ ዝም ማለት፤ ብዙዎቹ ያለፉት በዚህ መንገድ ነው።

ማስታወቂያውም ሄደ። ክፍት የሥራ ቦታ በቴሌግራም ቻናል በነጻ ሲመጣ ደብተር ይዞ አራት ኪሎ የሚወጣ ሥራ ፈላጊ አነሰ። አከራዮቹም ከደንበኞቻቸው ጋር ተበተኑ።

ኦንላይን

የአማርኛ ዜና ድረ ገጾችን በብዛት የጀመሩት በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ብዙዎቹ አገር ውስጥ ለዓመታት ታግደው ቆዩ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ድረ ገጾችንና የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን እገዳ ማንሳቱን አስታወቀ። በዚያ የተስፋ ሰሞን አዳዲስ ጋዜጦችና መጽሔቶችም ብቅ ብለው ነበር። አንባቢው ግን ስልኩ ላይ ተተክሏል። ዜናው ወደ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ጠቅልሎ ገባ።

ጥቅሙ ትልቅ ነው። ቀድሞ ጋዜጣ ሁለትና ሦስት ቀን ዘግይቶ የሚደርስበት፣ ወይም ጨርሶ የማይደርስበት ከተማ ያለ ሰው አሁን ከአዲስ አበባ ሰው እኩል ያነባል።

አመኔታው ግን አብሮ አልመጣም። አንድ የሐሰት ዜና እንዴት እንደሚሄድ ማየት ይበቃል። አንድ ሰው ማህተም ያለበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያቀነባብራል፤ ወይም በታወቀ ሚዲያ ሎጎ ሥር የራሱን ርዕስ ይለጥፋል። ከዚያ ስክሪንሾት ያደርገዋል። ሊንክ የለውም፣ ስለዚህ ማንም ገብቶ አያጣራም። ስም የሌለው የቴሌግራም ቻናል «ሰበር» ብሎ ያወጣዋል። ሌሎች ቻናሎች ኮፒ ፔስት ያደርጉታል። ማታ ዩቲዩብ ላይ የሌላ አገርና የሌላ ዓመት ፎቶ ተጨምሮበት ትንታኔ ይሠራበታል። ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ የመጀመሪያው ፖስት ይጠፋል። እርማት የለም። ቅጂው ግን በየቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ መዞሩን ይቀጥላል። «ምንጭህ ማነው?» ሲባል መልሱ «ፌስቡክ ላይ አየሁት» ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ይህ ነገር የሰው ሕይወት የሚነካ ሆነ። መንግሥት ከጦርነቱ ቀደም ብሎ በ2012 የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አወጣ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ገጽ የከበደ ቅጣት እንዲደርስበት ይላል። የመብት ተሟጋቾች ትርጉሙ ሰፊ ነው፣ ጋዜጠኛን ለማሰርም ይመቻል ብለው ሠግተዋል፤ ስጋታቸው ተገቢ ነበር። በሌላ በኩል የሚዲያ አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የኦንላይን ሚዲያ እንደ ጋዜጣ ተመዝግቦ እንዲሠራ መንገድ ከፈተ። ኢንተርኔትን መዝጋት ወሬን እንዳላቆመ ደግሞ ደጋግሞ ታይቷል። በየካቲት 2015 ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት ሲገደብ ሕዝቡ ቪፒኤን (እገዳን የሚያሳልፍ መተግበሪያ) አውርዶ እዚያው ቆየ።

የተሻለ ሥራ የሠሩት እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ ያሉ የመረጃ አጣሪዎች ናቸው። ፎቶው መጀመሪያ መቼና የት እንደወጣ ፈልገው ያገኛሉ፣ ደብዳቤውን ያወጣዋል የተባለውን መሥሪያ ቤት ይጠይቃሉ፣ ያገኙትን ከነአካሄዱ ያትማሉ። የድሮ ጥሩ አርታኢ የሚሠራው ሥራ ነው። ችግሩ ማጣሪያው የሚደርሰው ወሬው አገር ካዳረሰ በኋላ መሆኑ ነው፤ ሼር የሚደረገውም ከወሬው በጣም ባነሰ ቁጥር ነው።

ማኅደር

አዲስ ዘመንና ሪፖርተር በወረቀት መውጣታቸውን ቀጥለዋል፤ በኦንላይንም ይነበባሉ። የተዘጉትን ጋዜጦች ማየት የሚፈልግ ሰው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መሄድ ይችላል። ከ1985 ወዲህ የወጡት ብዙዎቹ ባይሟሉም እዚያ አሉ። ለኦንላይኑ ግን ይህን አሟልቶ የሚሠራ የለም። የዶሜይን ክፍያው ሲቋረጥ ድረ ገጹ ይጠፋል፤ የቴሌግራም ቻናል ባለቤቱ ካጠፋው አብሮ ይሄዳል። ያለፉትን አሥር ዓመታት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው ከ1990ዎቹ ተመራማሪ ያነሰ ሰነድ ነው የሚያገኘው።