ሬድ ዶት ምንድን ነው? «ስንት ሜትር ይደርሳል?» ለምትሉ ሁሉ

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ተቀምጠን የእህቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። ውጭ አገር ያለው ወንድሙ በእረፍት ቀኑ ኤርሶፍት ይጫወታል፤ የፕላስቲክ ጥይት በሚተኩስ መጫወቻ ጠመንጃ የሚደረግ ጨዋታ ነው። ለመጫወቻ ጠመንጃው ሬድ ዶት፣ ማለትም ጠመንጃ ላይ የሚታሰር፣ በመስታወት ውስጥ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ፣ ሊገዛ አስቦ የሦስት ዕቃ ፎቶ ልኮለታል። «ጋሼ፣ ይሄኛው 100 ሜትር ይደርሳል ይላል። ያኛው 50። መቶው አይሻልም?»

መልስ ሳልሰጠው አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ገባበት። «ሌዘሩ ጠንካራ የሆነውን ይግዛ» አለ። በቃ፣ ያኔ ነው ይሄን መጻፍ አለብኝ ያልኩት። ይህን ጥያቄ የስልክ ጌም ከሚጫወቱ ልጆች ሰምቼዋለሁ፣ ከዕቃ ሻጭ ሰምቼዋለሁ፣ ከትልልቅ ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። ሁሌም ያንገበግበኛል።

ሬድ ዶት ሌዘር አይደለም፤ የትም አይደርስም። ከዕቃው ወጥቶ ወደ ኢላማው የሚሄድ ነገር የለም። ብርሃኑ የሚመጣው ወደ እናንተ ዓይን ነው። ስለዚህ «ስንት ሜትር» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

ውስጡን ላስረዳ። ከመስታወቱ ኋላ፣ በተኳሹ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ቀይ የኤል ኢ ዲ መብራት አለች። ብርሃኗ መስታወቱን ይመታና ወደ ተኳሹ ይመለሳል። መስታወቱ በትንሹ ጎበጥ ያለ ነው፤ በላዩ ላይ ቀዩን ብርሃን የሚመልስ፣ ሌላውን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን አለው። ጉብጠቱ የተሰላው ጨረሮቹ ትይዩ ሆነው እንዲመለሱ ነው። ትይዩ ሆኖ የመጣ ብርሃን ደግሞ ለዓይን በጣም ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ለዚህ ነው ነጥቧ መስታወቱ ላይ ሳይሆን እዚያ ማዶ ያለች የምትመስለው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ማታ በሚኒባስ የወረደ ሰው ይህን አይቶታል። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ዛፉ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ጨረቃዋ ግን አብራችሁ ትወርዳለች። ልጅ ሆነን «ተከተለችን» እንል ነበር። እሷ አልተከተለችም፤ በጣም ሩቅ ስለሆነች ነው። ጭንቅላታችሁን ወደ ግራ ብታደርጉ ጨረቃዋ በመስኮቱ ላይ ቦታ ትቀይራለች፣ አቅጣጫዋ ግን ያው ነው። ሬድ ዶትም እንደዚሁ ነው። ነጥቧ ከመስታወቱ ጥግ ብትታይም ችግር የለውም፣ የምታሳየው አቅጣጫ አንድ ነው። መሃል ላይ ካልሆነች ብላችሁ አንገታችሁን አታጣምሙ። መስኮቱ ጭቃ ቢኖርበት ጨረቃዋን ለማየት ጎንበስ ትላላችሁ እንጂ ጨረቃዋ አልጠፋችም። የመስኮቱ መስታወት የተንሻፈፈ ከሆነ ግን ጨረቃዋ ትዘላለች፤ ርካሽ ሬድ ዶት ላይ የሚታየው እሱ ነው። ከጥግ ወደ ጥግ ስታዩ ነጥቧ ከኢላማው ላይ በጉልህ ከተንሸራተተች መስታወቱ በደንብ አልተሠራም ማለት ነው።

ሌዘር የሚኒባሱ የፊት መብራት ነው። እሱ ወጥቶ መንገዱ ላይ ያርፋል። «ስንት ሜትር ይደርሳል?» ለእሱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለ ጨረቃዋ ግን እንደዚያ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሰውየው አልተዋጠለትም። «እኔ ነጥቧን ኢላማው ላይ በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ። አዎ፣ አይተሃል፤ ከኋላው ሆነህ። ጓደኛህን ኢላማው አጠገብ አቁመውና ጠይቀው፣ ምንም አያይም። እኔ ቀያሽ ነኝ፣ ኮምቦልቻ ሳይት ላይ በየቀኑ ሌዘር ሌቭል አያለሁ። መስመሩ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ሴራሚክ ሠሪውም፣ ፎርማኑም፣ አላፊ አግዳሚውም ያየዋል። ልዩነቱ ይሄ ነው። ልዩነቱ ለደህንነትም ነው፤ ሌዘር የሰው ዓይን ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጥራት ቀላል ስህተት አይደለም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ሐሳቡን ያወጣው የደብሊኑ የቴሌስኮፕ ሠሪ ሃዋርድ ግራብ ነው፣ በ1900 እ.ኤ.አ.። የስዊድኑ ኩባንያ ኤምፖይንት በ1975 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሮኒክሱን ይዞ መጣ። ከቴሌስኮፕ ሰው እጅ የወጣ ነገር መሆኑ ለእኔ ብዙ ይነግረኛል፤ ሥራው ማየት ነው፣ መተኮስ አይደለም።

«ፓራላክስ የለውም» የሚል ጽሑፍም ዕቃው ላይ ታያላችሁ። እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር ይነካኛል። እኛ ፓራላክስ የምንለው ዓይናችሁን ስታንቀሳቅሱ በመሣሪያው ውስጥ የሚታየው የመስቀል መስመር ከስታፉ፣ ከርቀት ከምናነበው ባለ ቁጥር ዘንግ፣ ላይ የሚንሸራተተውን ነው። ሌቭል በምንለው የከፍታ መለኪያ ላይ መጀመሪያ የዓይን መስታወቱን፣ ቀጥሎ የፊቱን አስተካክለን እናጠፋዋለን። ያን ያልሠራ ጀማሪ የሚጽፈው ንባብ ሁሉ ውሸት ነው፣ ሕንፃም ይጣመማል። ሬድ ዶት ላይ ግን የምታስተካክሉት ነገር የለም። ፓራላክሱም ፈጽሞ ዜሮ አይደለም። ጨረሩ ትይዩ ከሆነ ስህተቱ ዓይናችሁ ከመሃል የራቀችውን ያህል ነው። 24 ሚሊ ሜትር መስታወት ቢሆን ቢበዛ 12 ሚሊ ሜትር። ክብደቷ 0.20 ግራም ለሆነች፣ ንፋስ ለሚገፋት 6 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ጥይት 12 ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል? «ፓራላክስ የለውም» ስለተባለ ብቻ ሦስት እጥፍ ዋጋ አይከፈልም።

ታዲያ በምን ይመረጥ? በነጥቡ መጠን። ኤም ኦ ኤ ተብሎ ይጻፋል፣ የዲግሪ 1/60ኛ ነው። ደቂቃ እንለዋለን፤ የሰዓቱን ሳይሆን የማዕዘኑን ደቂቃ። 1 ደቂቃ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። 3 ደቂቃ የሆነ ነጥብ በ30 ሜትር ላይ 2.6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። «ትንሽ ነጥብ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ሩቅ ለሚያነጣጥር ልክ ነው። ኤርሶፍት ግን በጥቂት አሥርት ሜትሮች ርቀት፣ እየሮጡ የሚጫወቱት ነው፤ ቶሎ የምትታይ ነጥብ ትበልጣለች። አጉልቶ ያሳያል ብላችሁም አትጠብቁ፣ ርቀቱን አያቀርብም። ጥቅሙ ሁለቱን ዓይን ከፍቶ ማየት መቻሉ ነው።

ብርሃኗ በፀሐይ የምትታይ፣ በጨለማ የምትቀንስ ትሁን። ማሰሪያው አይነቃነቅ። ከፊቱ መከላከያ ፕላስቲክ ይደረግለት፤ የኤርሶፍት ጥይት መስታወት ይሰብራል፣ ዓይንም ያጠፋል። መነጽር ሳይደረግ ጨዋታ የለም።

ደግሞ ማንኛውም የመስታወት ዕቃ ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ላብ ያወጣል። ክረምት ላይ ቲዎዶላይቱን፣ የማዕዘን መለኪያችንን፣ ከደሴ ጉም ይዘን ኮምቦልቻ ስንወርድ ሳጥኑን ቶሎ አንከፍትም። ወንድምየውም ከውጭ ብርድ ወደ ቤት ሲገባ ቦርሳው ውስጥ ይተወው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህን ዓይነት መጫወቻ እዚህ ለማስመጣት የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ ጉምሩክን ጠይቁ። መንገድ ላይም ይዛችሁ አትውጡ። የ2014 ዓ.ም.ን ጦርነት እዚህ ያሳለፈ ሰው ጠመንጃ የሚመስል ነገር ሲያይ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ።

ልጁ ይሄን ሁሉ ለወንድሙ በድምፅ ላከለት። ወንድምየውም ባለ 3 ደቂቃውን ገዛ። ከሳምንት በኋላ ግን «ነጥቧ ክብ አይደለችም፣ ኮከብ ትመስላለች፣ ልመልሰው ነው» ብሎ ደወለ። በስልክ ካሜራ አንስተህ ላክልኝ አልኩት። ላከ። ነጥቧ ንጹህ ክብ ናት። ዕቃው ደህና ነው፣ ችግሩ ዓይኑ ላይ ነው። ማክሰኞ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዟል።