ፒትስበርግ ስቲለርስ፦ ቡድኑ፣ ደጋፊው እና የጭንቅላት ጉዳት ታሪክ

ፒትስበርግ ስቲለርስ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በፒትስበርግ ከተማ የሚገኝ የአሜሪካን እግር ኳስ ቡድን ነው። በ1933 የተመሠረተ ሲሆን በብሔራዊው ሊግ (ኤንኤፍኤል) ውስጥ ካሉት አንጋፋ ቡድኖች አንዱ ነው፤ ሱፐር ቦውል የሚባለውን የሊጉን የፍጻሜ ግጥሚያ ዋንጫም ስድስት ጊዜ አንሥቷል። ከዋንጫዎቹ ባልተናነሰ ስሙ የሚነሣበት ሌላም ጉዳይ አለ። ጭንቅላትን ደጋግሞ በመመታት የሚመጣውና በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሲቲኢ የሚባለው የአንጎል በሽታ በዚህ ስፖርት ተጫዋች ላይ መጀመሪያ የታየው በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ቡድን ተጫዋች አንጎል ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጨዋታውም እኛ እግር ኳስ ከምንለው ጋር ከስሙ በቀር እምብዛም አይገናኝም፤ ኳሱ በአመዛኙ በእጅ ይያዛል፣ ተጫዋቾቹም ሄልሜት አጥልቀው በሙሉ አካላቸው ይላተማሉ።

አመሠራረትና የድል ዘመን

ቡድኑን የመሠረተው አርት ሩኒ ሲሆን የባለቤትነቱ አመራር እስከ ዛሬ ከሩኒ ቤተሰብ እጅ አልወጣም። መጀመሪያ የከተማውን የቤዝቦል ቡድን ስም ተውሶ ፓይሬትስ ይባል ነበር፤ ስቲለርስ የተባለው በ1940 ሲሆን ስያሜው የከተማይቱ መተዳደሪያ ከነበሩት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጣቱ ሲዘምት በ1943 ከፊላደልፊያ፣ በ1944 ደግሞ ከቺካጎ ካርዲናልስ ጋር ተቀላቅሎ ለመጫወት ተገዷል፤ በዚህ በሁለተኛው ዓመት አሥሩንም ግጥሚያ ተሸንፏል።

ነገሩ የተለወጠው በ1969 ቸክ ኖል አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ነው፤ ምንም እንኳ በመጀመሪያው ዓመት አንድ አሸንፎ 13 ቢሸነፍም። በ1974 የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) ቡድኑ ሊን ስዋንን፣ ጃክ ላምበርትን፣ ጆን ስቶልዎርዝንና ማይክ ዌብስተርን አንድ ላይ ያገኘ ሲሆን አራቱም በኋላ የስፖርቱ ምርጦች በክብር የሚመዘገቡበት የዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል። በአንድ ዓመት ምርጫ ከዚህ የተሻለ ያገኘ ቡድን የለም ቢባል ብዙ ተከራካሪ አይገኝም። «የብረት መጋረጃ» የተባለው የመከላከል መስመር በተፈራበት በዚያ ዘመን በስድስት የውድድር ዓመታት አራት ሱፐር ቦውል ተወስዷል፤ ቀሪዎቹ ሁለት ዋንጫዎች በ2006 እና በ2009 ተገኝተዋል። ከኖል ቀጥሎ ቢል ካወር፣ ከ2007 እስከ 2025 የውድድር ዓመት ደግሞ ማይክ ቶምሊን ቡድኑን አሠልጥነዋል፤ ከ1969 አንሥቶ ከሃምሳ ዓመታት በላይ በሦስት አሠልጣኝ ብቻ መቆየት በዚህ ሊግ ያልተለመደ ነው።

ደጋፊው

ቡድኑ አራቱን ዋንጫ ባነሣባቸው ዓመታት ማብቂያ ላይ ፋብሪካዎቹ መዘጋት ጀመሩ። ሥራ ያጣው ሕዝብ ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ፍሎሪዳና ወደ አሪዞና ሲበተን የቡድኑን ፍቅር ይዞ ሄደ፤ ዛሬ በየከተማው እሑድ እሑድ ጥቁርና ወርቃማ ማልያ የለበሱ ሰዎች የሚሰበሰቡባቸው መጠጥ ቤቶች መኖራቸው ከዚህ ስደት የመጣ ነው። ስደት የሚያውቅ አንባቢ ስሜቱን ለመረዳት አይቸገርም። በከተማው ስታዲየም የሚደረጉ ግጥሚያዎች ትኬት ከ1972 አንሥቶ ሁልጊዜ ተሽጦ ያልቃል።

የደጋፊው መለያ «ቴሪብል ታወል» የሚባለው ቢጫ ፎጣ ሲሆን በ1975 የራዲዮ ተንታኙ ማይረን ኮፕ የጀመረው ነው። ኮፕ በ1996 የፎጣውን የንግድ መብት ልጁ ይኖርበት ለነበረው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ለሚንከባከብ ተቋም አስተላልፏል፤ ስለዚህ አንድ ደጋፊ ፎጣ በገዛ ቁጥር ከዋጋው ጥቂቱ እነርሱ ዘንድ ይደርሳል። የቡድኑ ዓርማ ደግሞ በሄልሜቱ ቀኝ ጎን ብቻ ይለጠፋል፤ በግራው በኩል ምንም የለም።

ማይክ ዌብስተር

ዌብስተር የተጫወተበት ቦታ ሴንተር ይባላል። ሴንተር ኳሱን ከመሬት አንሥቶ በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ፣ ጨዋታውን ለሚመራው ለኳርተርባኩ ያቀብልና በዚያው ቅጽበት ከፊቱ ካደፈጠው ተከላካይ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ይላተማል። ይህ በአንድ ግጥሚያ ብዙ ጊዜ፣ በልምምድ ሜዳ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚደጋገም ነው። ዌብስተር ከ1974 እስከ 1988 ለስቲለርስ 220 ግጥሚያ፣ ከዚያም በካንሳስ ሲቲ ሁለት ዓመት ተጫውቷል። በበረዶ ቀን ክንዱን ሳይሸፍን መግባቱን የከተማው ሰው እንደ ገድል ያወራዋል፤ «ብረቱ ማይክ» የሚል ቅጽል ስምም አትርፎለታል።

ጨዋታ ካቆመ በኋላ የደረሰበት ግን ለማውራት የሚከብድ ነው። ሐሳቡን ማሰባሰብ ተሳነው፤ ትዳሩና ገንዘቡ ከእጁ ወጡ፤ አንዳንድ ሌሊት በመኪናው ውስጥ ያድር ነበር። የወለቁ ጥርሶቹን በሙጫ ያጣብቅ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣው በኤሌክትሪክ ማደንዘዣ መሣሪያ ራሱን አስነዝሮ ይተኛ እንደነበር ቤተሰቡና ወዳጆቹ ተናግረዋል። በ1997 የዝነኞች አዳራሽ ሲገባ ያደረገው ንግግር ከመስመር እየወጣ ረዝሞ ነበር። የሊጉ የጡረታ ቦርድ በ1999 ዌብስተር በጨዋታ ላይ በደረሰበት የጭንቅላት ምት ምክንያት ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጪ መሆኑን ተቀብሎ አበል ወስኖለታል። ይህ ሰነድ ሊጉ በአደባባይ ግንኙነቱን ሲክድ ከኖረባቸው ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ትርጉም አለው። ቦርዱ ጉዳቱ ከ1996 ይጀምራል ሲል ቤተሰቡ ከ1991 ነው ብሎ ተከራክሯል፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2006 ለቤተሰቡ ፈርዷል። ዌብስተር ግን ውሳኔውን አላየውም፤ መስከረም 24 ቀን 2002 በ50 ዓመቱ በልብ ድካም ሞቷል።

የዶክተር ኦማሉ ግኝት

አስከሬኑ የተወሰደው ፒትስበርግ ወዳለችበት ወደ አሌጌኒ ካውንቲ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ሲሆን የዕለቱ ተረኛ ከናይጄሪያ የመጣው ፓቶሎጂስት ቤኔት ኦማሉ ነበር። ኦማሉ በ1968 የተወለደ፣ ሕክምናን በአገሩ የተማረ፣ ወደ አሜሪካ የገባው በ1994 ነው። ስለ ጨዋታው የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ ከተማው ያዘነለት ሰው ማን እንደሆነ እንኳ በቴሌቪዥን ከሚወራው ነው የተረዳው። ምናልባትም ዕድሉ ይህ ነበር፤ ፒትስበርግ ውስጥ የማይክ ዌብስተርን አስከሬን ያለ ፍቅርና ያለ አክብሮታዊ ፍርሃት የሚያይ ሐኪም ማግኘት ቀላል አልነበረም።

አንጎሉ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። እንደ አልዛይመር ሕመምተኛ አንጎል የተጨማደደ ወይም ያነሰ ነገር አልነበረውም፤ የተለመደው አሠራር ቢሆን ምርመራው እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ኦማሉ ግን አንጎሉ በኬሚካል እንዲቆይ አደረገና በስሱ አስቆርጦ፣ ቀለም አስነክሮ በማይክሮስኮፕ ተመለከተው፤ ለምርመራው የወጣውን ገንዘብ ከራሱ ኪስ ከፍሏል። በመስታወቱ ላይ የታየው ታው የተባለው ፕሮቲን በቡናማ ቀለም ተቋጥሮ የተከማቸባቸው የአንጎል ሴሎች ናቸው። ታው በጤነኛ ሴል ውስጥ ደጋፊ ምሰሶ ሲሆን በምት ብዛት ሲፈታ ግን እርስ በርሱ ይተበተብና ሴሉን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ኦማሉ ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ግኝቱን በሐምሌ 2005 «ኒውሮሰርጀሪ» በተባለው መጽሔት አሳተመ።

በሽታው ፈጽሞ አዲስ ነበር ማለት ግን አይቻልም። በቦክሰኞች ላይ ተመሳሳይ ሕመም መኖሩ ከ1928 ጀምሮ በሕክምና ጽሑፍ ይታወቃል፤ ሲቲኢ የሚለው መጠሪያም ከኦማሉ በፊት ነበር፤ በዚህም የተነሣ አንዳንድ የዘርፉ ባለሙያዎች የእርሱ ድርሻ ተጋንኗል ይላሉ። ሆኖም የእግር ኳስ ተጫዋችን አንጎል ከፍቶ በሽታውን ያሳየ የመጀመሪያው ሰው እርሱ መሆኑ አያከራክርም።

ሊጉ በ1994 ያቋቋመው የአንጎል ጉዳት ኮሚቴ አባላት ጽሑፉ እንዲሻር ለመጽሔቱ ጻፉ። የኮሚቴው የመጀመሪያ ሊቀመንበር የአንጎል ሳይሆን የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪም እንደነበሩ ልብ ይሏል። ሽረቱ ተቀባይነት አላገኘም፤ ኦማሉም ሌሎች ሁለት የቀድሞ የስቲለርስ ተጫዋቾችን አንጎል መርምሮ ተመሳሳይ ምልክት አገኘ። እነርሱም በ2005 በ45 ዓመቱ የራሱን ሕይወት ያጠፋው ቴሪ ሎንግ እና በ2004 በፖሊስ እየተሳደደ ከቦቴ መኪና ጋር ተጋጭቶ በ36 ዓመቱ የሞተው ጀስቲን ስትረልዚክ ናቸው። በሎንግ ላይ የተሰጠውን ድምዳሜ የቡድኑ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆሴፍ ማሩን በይፋ ተቃውመውታል።

ለማሩን ፍትሐዊ ለመሆን፣ ስቲለርስ በዚህ ጉዳይ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ቀድሞ የነቃ ነበር። በ1990ዎቹ መባቻ ማሩን አንድ የተመታ ኳርተርባክ እንዳይሰለፍ ሲመክሩ አሠልጣኝ ኖል በምን ማስረጃ ብሎ ጠየቀ። ማሩን ከሥነ ልቦና ባለሙያው ማርክ ላቭል ጋር ሆነው መልስ ፍለጋ ያዘጋጁት የማስታወስና የፍጥነት ፈተና በ1993 በቡድኑ ተጫዋቾች ላይ ተሞክሯል፤ ኋላም ኢምፓክት በሚል ስም በብዙ ትምህርት ቤቶች ተሠራጭቷል። ፈተናውን የሚሸጠው ኩባንያ ባለድርሻዎች አዘጋጆቹ ራሳቸው መሆናቸው ትችት አስከትሏል።

ደጋፊውና ሕሊናው

ኅዳር 2009 ኳርተርባኩ ቤን ሮትሊስበርገር ካንሳስ ሲቲ ላይ ተመትቶ የአንጎል መናወጥ ደረሰበት፤ በሳምንቱ ከባልቲሞር ጋር በተደረገው ግጥሚያ እንዳይሰለፍ ተወሰነ። የቡድኑ ኳስ ተቀባይ ሃይንስ ዋርድ በቴሌቪዥን ቀርቦ በውሳኔው የቡድኑ አባላት እኩል ለእኩል መከፈላቸውን ተናገረና ኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ቡድኑ 23 ለ20 ተሸነፈ። ዋርድ የተናገረውን በርካታ ደጋፊም በሆዱ ያስበው እንደነበር መካድ አይቻልም። ልክ በስድስት ዓመቱ፣ ኅዳር 29 ቀን 2015 ሲያትል ላይ፣ ሮትሊስበርገር ሕመሙን ራሱ ለሐኪሞች ተናግሮ ከሜዳ ወጣ።

በ2010 የስቲለርሱ ላይንባከር (የመከላከል ተጫዋች) ጄምስ ሃሪሰን የክሊቭላንዱን መሐመድ ማሳኮይን በሄልሜት በመምታቱ 75,000 ዶላር ተቀጣ። ቅጣቱ በፒትስበርግ እንደ በደል ተቆጠረ፤ ምክንያትም አልጠፋለትም፣ ሊጉ ተጫዋቹን በሚቀጣበት ሳምንት የዚያኑ ምት ፎቶግራፍ በድረ ገጹ ሲሸጥ ተገኝቶ ነበርና። በጥር 2016 ደግሞ የሲንሲናቲው ቮንታዝ በርፊክት በስቲለርሱ አንቶኒዮ ብራውን ላይ ያሳረፈው ምት ግልጽ ነውር ነበር። ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 በዚያው በሲንሲናቲ የስቲለርሱ ራያን ሼዚየር ራሱን ደፍቶ ሲገባ አከርካሪው ተጎዳ፤ ሜዳው ላይ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ማንቀሳቀስ ሲያቅተው ያየ ደጋፊ ያን ሌሊት አይረሳውም። በመጋቢት 2018 ሊጉ ሄልሜትን ደፍቶ መግጠምን ከለከለ፤ ሼዚየርም በሚቀጥለው ወር በድራፍቱ መድረክ ላይ በእግሩ ተራምዶ ታየ።

በፍርድ ቤትና በሜዳ

ከ4,500 በላይ የቀድሞ ተጫዋቾች በጭንቅላት ጉዳት ምክንያት በሊጉ ላይ ያቀረቡት ክስ በ2013 በ765 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ሊያልቅ ሲል ዳኛዋ ገንዘቡ አይበቃም ብለው መለሱት፤ በ2015 የክፍያው ጣሪያ ተነሥቶ ጸደቀ፤ እስካሁንም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏል። በአከፋፈሉ ግን አንድ አሳፋሪ ነገር ተደብቆ ነበር። የጥቁር ተጫዋቾች የአእምሮ ብቃት ከመነሻው ዝቅ ያለ ነው በሚል ስሌት ስለሚለካ እነርሱ መታመማቸውን ማስረዳት ከነጮቹ ይልቅ ይከብዳቸው ነበር። ይህን በ2020 ለፍርድ ቤት ያቀረቡት ኬቪን ሄንሪና ናጄ ዴቨንፖርት ሁለቱም ለስቲለርስ የተጫወቱ ናቸው፤ ስሌቱም በ2021 እንዲቀር ተወስኗል።

የበሽታው ስፋት እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ከመረመሯቸው 111 የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ ሲቲኢ አግኝተዋል፤ ነገር ግን አንጎሉን የሚሰጠው በአብዛኛው ምልክት ያየ ቤተሰብ ስለሆነ ቁጥሩ ለተጫዋቾች ሁሉ አይሠራም። በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ከሞት በኋላ ነው።

ዛሬ የተመታ ተጫዋች በሜዳው ዳር ወደተተከለው ሰማያዊ ድንኳን ገብቶ ይመረመራል፤ ከቡድኑ ጋር የሥራ ግንኙነት የሌለው የአንጎል ሐኪምም በቦታው አለ። በፔንሲልቬንያ ልጁን ለትምህርት ቤት ቡድን የሚያስመዘግብ ወላጅ፣ የእኛን አገር ሰው ጨምሮ፣ በ2011 በወጣው ሕግ መሠረት የአንጎል መናወጥ ምልክቶች የተዘረዘሩበትን ወረቀት በየዓመቱ አንብቦ ይፈርማል። ስቲለርስ የዌብስተርን 52 ቁጥር ማልያ በይፋ ባይሰቅለውም ከእርሱ በኋላ ለማንም አልሰጠውም።