ድርብ ምክንያት ምንድን ነው? በሆሜር ግጥሞች የአማልክት ፈቃድና የሰው ጥፋት

ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት በገጠመው በኢሊያድ 19ኛ መጽሐፍ የግሪኮች ጦር የበላይ አዛዥ አጋሜምኖን በተሰበሰበው ሠራዊት ፊት ይናገራል። ከግሪኮች ታላቅ ጦረኛ ከአኪሌስ ምርኮኛዪቱን ብሪሴይስን ነጥቆታል፤ አኪሌስም ተቆጥቶ ከውጊያው ወጥቷል፤ በዚህ ጠብ ሳቢያ ብዙ ሰው አልቋል። አሁን ሁለቱ ሊታረቁ ነው። አጋሜምኖን ግን እንዲህ ሲል ይጀምራል፦ ጥፋተኛው እኔ አይደለሁም፤ ዜውስ (የአማልክት ንጉሥ)፣ ዕጣና በጭጋግ ውስጥ የምትመላለሰው ኤሪኒስ (የበቀል አምላክ) ናቸው፤ በዚያን ቀን ልቤን ያሳወሩት እነርሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ንባቡን የሚያቋርጥ ሰው ንጉሡ በአማልክት አሳብቦ አመለጠ ማለቱ አይቀርም። ንግግሩ ግን አላለቀም። ያው አጋሜምኖን ጥቂት ቆይቶ፣ ዜውስ አእምሮዬን ወስዶብኝ ታውሬ ስለ ነበር ልክስ እፈልጋለሁ፣ ካሣውም ብዙ ይሆናል ይላል። ቃሉንም ይፈጽማል፦ 10 መክሊት ወርቅ፣ 12 ፈረሶች፣ 20 ድስቶች፣ 7 ባለ ሦስት እግር ዕቃዎች፣ 7 ሴቶች፣ ስምንተኛዋም ራሷ ብሪሴይስ ለአኪሌስ ይሰጣሉ። ዜውስ አሳወረኝ ያለበትና እኔ እከፍላለሁ ያለበት አንድ ንግግር ነው፤ ከሰሚዎቹም መካከል ሁለቱ ነገሮች ይጋጫሉ ብሎ የተነሣ የለም።

የሆሜር ተመራማሪዎች ድርብ ምክንያት የሚሉት ይህንን ነው። አንድ ድርጊት ከአምላክም ከሰውም ይመነጫል፤ የአንዱ ድርሻ የሌላውን አይቀንስም። ግማሹን ዜውስ፣ ግማሹን አጋሜምኖን አድርገው አልተካፈሉትም። ብሪሴይስን የነጠቀው አጋሜምኖን ነው፣ በሙሉ፤ ያሳወረው ዜውስ ነው፣ በሙሉ። በሽምግልና ፊት «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» የሚል በዳይ በዚህ ቃሉ ከካሣ እንደማይድን ሁሉ፣ በሆሜር ዓለምም አምላክን መጥቀስ ድርጊቱ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ይናገራል እንጂ ዕዳውን አይሰርዝም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የአኪሌስ መልስ ነው። የተበደለው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ አባት ዜውስ ሆይ፣ በሰው ላይ የምታመጣው መታወር ታላቅ ነው፣ እንዲያ ባይሆን አጋሜምኖን ልቤን እንዲህ ባላስቆጣው ነበር ይላል። አጋሜምኖን የተናገረው ተራ ማምለጫ ቢሆን ኖሮ ባለጋራው እንዲህ አይደግፈውም ነበር። ቀደም ሲል በ9ኛው መጽሐፍ፣ በሌሊት፣ አረጋዊው ኔስቶር ሲገሥጸው ደግሞ ይኸው ንጉሥ ታውሬ ነበር፣ አልክድም፣ ለክፉ ስሜቴ ተሸንፌያለሁ ብሏል። እዚያ ላይ ስሕተቱን በዜውስ አላመካኘም።

በዚህ ጉዳይ ላይ የነበረው ክርክር ረጅም ነው። ጀርመናዊው ብሩኖ ስኔል በ1946 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተመው ሥራው የሆሜር ሰው ራሱን የውሳኔው ምንጭ አድርጎ ገና አያይም፣ ውሳኔው ከአማልክት ይመጣለታል ብሎ ነበር። ኦስትሪያዊው አልቢን ሌስኪ በ1961 የሰውንና የአምላክን ምክንያት ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለቱም በአንድነት እንደሚሠሩ አሳየ። እኔ ከሌስኪ ጎን ነኝ። የስኔል አስተያየት የሚፈርሰው በኢሊያድ የመጀመሪያ መጽሐፍ ላይ ነው። አኪሌስ አጋሜምኖንን ልግደለው ወይስ ቁጣዬን ልግታ እያለ ሲያመነታ፣ ሰይፉንም ከሰገባው እየመዘዘ ሳለ፣ እንስት አምላክ አቴና ከኋላው መጥታ ፀጉሩን ትይዘዋለች። ከሰማይ የመጣሁት ቁጣህን ላበርድ ነው፣ እሺ የምትለኝ ከሆነ ትለዋለች። «የምትለኝ ከሆነ» የሚለው ለአሻንጉሊት የሚነገር ቃል አይደለም። አኪሌስም ልቡ እንደ ተቆጣ ሆኖ አማልክትን መስማት ይሻላል ብሎ ሰይፉን ይመልሳል። ማመንታቱም መወሰኑም የራሱ ነው።

አቴና ክፉ ምክር ይዛ የምትመጣበትም ጊዜ አለ። በ4ኛው መጽሐፍ የትሮይ ወገን የሆነውን ቀስተኛ ፓንዳሮስን የተማማሉበትን ዕርቅ እንዲያፈርስ ታግባባዋለች። ገጣሚው ይህን ሲተርክ የሰነፉን ልብ አሳመነች ይላል። ምክሩ የአምላክ ቢሆንም ሰነፍ የተባለው ግን እርሱ ነው።

ታዲያ ዕጣ፣ ግሪኮች ሞይራ የሚሉት፣ ምን ያህል ይወስናል? በሆሜር ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው ሞትን ነው፤ ሞት እንደማይቀርና አንዳንዴም መቼና የት እንደሚመጣ። ከልደት እስከ ሞት ያለው እያንዳንዱ እርምጃ አስቀድሞ የተጻፈ ነው የሚል ትምህርት እዚህ ውስጥ የለም። አኪሌስ ሁለት ዕጣ እንዳለው ከእናቱ ከቴቲስ ሰምቷል፦ በትሮይ ቆይቶ ቢዋጋ አጭር ዕድሜና የማይጠፋ ዝና፣ አገሩ ቢመለስ ያለ ዝና ረጅም ዕድሜ። ዕጣው ራሱ ምርጫ ሆኖ ቀርቦለታል። ዜውስ እንኳ በ16ኛው መጽሐፍ ልጁን ሳርፔዶንን ከሞት ላድነው ወይ ብሎ ያስባል። ሚስቱ ሄራ የመለሰችለት አትችልም ብላ አይደለም፤ አድርገው፣ ሌሎቻችን አማልክት ግን ሁላችን አናመሰግንህም አለችው። ዜውስም ልጁን ለሞት ተወው፤ በምድር ላይም የደም ዝናብ አዘነበ።

ሌላው የሆሜር ግጥም ኦዲሲ ይህን ጉዳይ በአማልክት አፍ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ ይናገራል። አማልክት በዜውስ አዳራሽ ተሰብስበዋል፤ ፖሲዶን ብቻ የለም፣ ወደ ኢትዮጵያውያን ለመሥዋዕት ሄዷል። (ሆሜር በዚህ ስም የሚጠራቸው በዓለም ዳርቻ፣ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት፣ ለሁለት ተከፍለው የሚኖሩ ሕዝቦችን ነው፤ በኢሊያድም ዜውስ ራሱ 12 ቀን እነርሱ ዘንድ ይቆያል።) በዚያ ጉባኤ ዜውስ ያማርራል፦ ሰዎች መከራው ሁሉ ከእኛ ይመጣል እያሉ ይወቅሱናል፤ ነገር ግን በራሳቸው እብሪት ከዕጣቸው በላይ መከራ ያመጣሉ። የሚጠቅሰው ምሳሌ የአጋሜምኖን ገዳይ ኤጊስቶስ ነው። አጋሜምኖንን እንዳይገድል፣ ሚስቱንም እንዳይመኝ፣ የአጋሜምኖን ልጅ ኦሬስቴስ አድጎ ይበቀለዋልና፣ ብለው መልእክተኛቸውን ሄርሜስን ልከው አስጠንቅቀውት ነበር። አልሰማም፤ ዋጋውን ከፈለ። «ከዕጣ በላይ» የሚለውን አነጋገር ልብ ይሏል፦ ዕጣ ያልጨመረውን ሰው ራሱ ሊጨምር ይችላል። በዚህ ረገድ ኦዲሲ ከኢሊያድ ይልቅ የሰውን ጥፋት አጥብቆ የሚይዝ ይመስለኛል።

ሁለቱ ምክንያቶች ከሁሉ በላይ አንድ ላይ የሚታዩት ግን በትሮይ ጦር መሪ በሄክቶር ታሪክ ነው። በ18ኛው መጽሐፍ አኪሌስ ወደ ጦርነቱ ሊመለስ እንደሆነ ታውቋል። ፖሊዳማስ የተባለው ጥበበኛ የትሮይ ሰው በዚህች ሌሊት ወደ ከተማው እንግባ፣ ከቅጥሩ ላይ ሆነን እንከላከል ይላል። ሄክቶር ይቆጣዋል፣ ምክሩንም አይቀበልም። ሠራዊቱም ለሄክቶር በጩኸት ድጋፉን ይሰጣል። ገጣሚው ወዲያው ጣልቃ ገብቶ ይናገራል፦ ሞኞች፣ አቴና ልቡናቸውን ወስዳባቸው ነበርና። እንግዲህ ጥፋቱ የአምላክ ነው ማለት ይቻል ነበር። በ22ኛው መጽሐፍ ሄክቶር ከቅጥሩ ውጭ ብቻውን ቆሞ አኪሌስን ሲጠብቅ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ወደ ውስጥ ብገባ መጀመሪያ የሚወቅሰኝ ፖሊዳማስ ነው፤ በእብሪቴ ሕዝቤን አስፈጅቻለሁና የትሮይን ወንዶችና ሴቶች አፍራለሁ ይላል። አቴና የሠራችውን እኛ አንባቢዎች እናውቃለን፤ እርሱ አያውቅም፣ ሰበብም አይፈልግም። የአኪሌስ ወዳጅ ፓትሮክሎስም በ16ኛው መጽሐፍ በሄክቶር ጦር ተወግቶ ሊሞት ሲል ለሄክቶር፣ የገደለኝ ክፉ ዕጣና የሌቶ ልጅ አፖሎ ነው፣ ከሰው ደግሞ ኤውፎርቦስ፣ አንተ ሦስተኛ ነህ ይለዋል። ያም ሆኖ ሄክቶር በዚያ ጦር መውጋት ሕይወቱን ይከፍላል፤ አኪሌስ ሦስተኛ ነህ ብሎ አይምረውም።

ይህን ጥምረት ያፈረሰው ፈላስፋው ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ሥራው ነው። ዜውስ ከሁለት ጋን፣ ከክፉውና ከመልካሙ፣ እየቀላቀለ ለሰው ይሰጣል የሚለውን የኢሊያድ 24ኛ መጽሐፍ ንግግር፣ እግዜር የክፉ ነገር ምንጭ ሊሆን አይችልም ሲል ይነቅፈዋል። በሥራው መጨረሻ ላይ በሚተርከው ተረት ነፍሳት ቀጣይ ሕይወታቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ይቀርብላቸዋል፤ በዚያም ጥፋቱ የመራጩ ነው፣ አምላክ ግን ጥፋት የለበትም የሚል አዋጅ ይነገራቸዋል። አጋሜምኖን በአንድ ንግግር ውስጥ ያጣመራቸውን ሁለቱን ለይቶ አንዱን ብቻ ያስቀረው በዚህ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ፈላስፎችም የተከራከሩት ተለያይተው በቀሩት በሁለቱ መካከል ነው።