«ለምን ለቀው አይሄዱም?» ጎርፍ ስለሚደጋገምባቸው ሰፈሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎርፍ ባለፈ ማግስት ይህ ጥያቄ አይቀርም። ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም። ጭቃ የጠጣ ፍራሽና በሩ የተገነጠለ ቤት በቲቪ አይቶ አዝኖ ነው። ግን ከጥያቄው ጀርባ ፍርድ አለ፦ ሰዎቹ ወይ አላወቁም፣ ወይ ሰንፈዋል የሚል። ይህ ፍርድ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ስህተት ነው።

«አደጋውን ስለማያውቁት ነው»

ከእነሱ በላይ ማን ያውቀዋል? ውሃ የለመደ ቤት ገብታችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ። የአልጋው እግሮች ብሎኬት ላይ ቆመዋል። ሶኬቶቹ ከወለሉ ርቀው ከፍ ብለው ተገጥመዋል። የልደት ሰርተፍኬት፣ የቤት ካርታና የልጆች የትምህርት ማስረጃ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጣሪያው አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ሁለቴ ቀለም ቢቀባም፣ ውሃው ባለፈው የደረሰበት መስመር ዛሬም ይታያል። ሌሊት ዝናቡ ሲከብድ እናት ከሁሉም ቀድማ ትነቃለች፤ በሩን ከፍታ ውሃው የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰ አይታ ትመለሳለች። እንዲህ የሚኖር ሰው አደጋውን አያውቅም ማለት እንዴት ይቻላል?

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተው ቋንቋው ነው። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል አንዴ ከመጣ ለ99 ዓመት የማይመለስ ይመስላል። ትርጉሙ ግን በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞም ሊደግም ይችላል። በዚህ ስሌት አንድ ቤት ውስጥ 30 ዓመት የኖረ ቤተሰብ ቢያንስ አንዴ የመጥለቅለቅ ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት እንዲህ ላለ ጎርፍ የተጋለጠው ሕዝብ 1.8 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከዓለም ሕዝብ 23 በመቶው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ «ውጣ» ማለት ይቀላል። ወዴት የሚለው ነው ጭንቁ።

«ቤቱን ሸጠው መሄድ ይችላሉ»

ለማን ይሸጡታል? ሰፈሩ ውሃ እንደሚገባበት ሁሉም ሰምቷል። ገዢ ቢገኝም በሚሰጠው ዋጋ ደረቅ ቦታ ላይ ግማሽ ቤት እንኳን አይገኝም። ለአብዛኛው ቤተሰብ ደግሞ ቤቱ የዕድሜ ልክ ቁጠባው ነው። ትቶት ቢሄድ ከዜሮ ይጀምራል።

ተከራዩም ቢሆን እዚያ የገባው ኪራዩ ስለሚረክስ ነው። የሚረክሰውም በጎርፉ ምክንያት ነው። ሥራው በእግር የሚደረስ ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው። ከተማው ዳር ደረቅ ቤት ቢያገኝ እንኳን በቀን ለትራንስፖርት የሚያወጣው ገንዘብና ሰዓት ኑሮውን ያናጋዋል። ጎርፉ በዓመት አንዴ ሊመጣ ላይመጣ ይችላል። ኪራይ ግን በየወሩ ይመጣል።

እንደኔ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ግን ይሄ ነው፦ ሰዎቹን እዚያው የሚያስቀራቸው ራሱ ጎርፉ ነው። ቤተሰቡ ለመውጣት ትንሽ በትንሽ ይቆጥባል። ውሃው ይገባል። የተቆጠበው ለበር፣ ለፍራሽ፣ ለልጆች ልብስና ለሕክምና ይወጣል። አንዳንዴም ብድር ይጨመርበታል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ከታች ይጀመራል። ከውጭ ስናየው «አሁንም እዚያው ናቸው» እንላለን።

«ማስጠንቀቂያ ሲነገራቸው የማይወጡት ግትር ስለሆኑ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ብዙ ሰው ከተማው ውስጥ ቀርቶ ነበር። የግዴታ መውጫ ትእዛዝ የተሰጠው ነፋሱ ከመድረሱ አንድ ቀን እንኳን ሳይቀረው ነው። ከቀሩት ብዙዎቹ መኪና አልነበራቸውም። አረጋውያንና ሕመምተኞች ነበሩ፤ እነሱን ጥለው መሄድ ያልቻሉ ልጆችም ነበሩ። ቀኑ ደግሞ የወር መጨረሻ ነው። የወር ገቢ የሚጠብቅ ሰው ኪሱ ባዶ በሆነበት ሰዓት «ውጣ» ተባለ።

ባንግላዴሽን ከዚህ አጠገብ አስቀምጧት። እ.ኤ.አ. በ1970 አውሎ ነፋስ ያስነሳው የባሕር ሙላት ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። በ2007 ሲድር የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመታ የሞቱት በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ያም ከባድ ሐዘን ነው፤ ግን ልዩነቱን ተመልከቱት። በመሃል የተሠራው ሥራ ብዙ ነው። መጠለያዎች ተገነቡ። በጎ ፈቃደኞች የድምፅ ማጉያ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። ለከብቶች ሳይቀር አፈር ተቆልሎ ከፍ ያለ ቦታ ተበጀላቸው፤ ላሙን ጥሎ የሚሄድ ገበሬ ጥቂት ነውና። የሚገባበት ቦታ ያለው ሰው ሲጠራ ይወጣል።

«ግንብ ከተሠራ አለቀ»

አላለቀም። ግንቡ ትንንሾቹን ጎርፎች ይመልሳል። ሰው ልቡ ያርፍና ከኋላው ቤት ይጨምራል። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ምሁር ጊልበርት ዋይት እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በዚህ ሲያስጠነቅቁ ነበር። ግንቡ የተሰበረ ቀን ጉዳቱ ድሮ ከነበረው ይበልጣል። በካትሪና ጊዜ ከኒው ኦርሊንስ 80 በመቶ ገደማው ውሃ የዋጠው መከላከያው ስለተደረመሰ ነው።

«ሌላ ቦታ ከተሰጣቸው ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ቦታው የት ነው የሚለው ትልቅ ነገር ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። ድሃ ሰፈር ውስጥ ጎረቤት ልጅ ጠባቂ ነው፣ አበዳሪ ነው፣ ውሃ ሲመጣ በር አንኳኪ ነው። ቤተሰቡን ከሥራውና ከሰዎቹ ነጥሎ ሩቅ ሜዳ ላይ ማስፈር አንዱን አደጋ በሌላ መለወጥ ነው። ብዙዎች ተመልሰው የሚመጡትም ለዚህ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ግራንታም የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ጎርፍ ጠርጓት ሰዎች ሞተውባታል። የአካባቢው ምክር ቤት ከከተማዋ አጠገብ ያለ ከፍታ መሬት ገዛ። ነዋሪውን «ታች ያለውን ቦታህን ስጠኝ፣ ላይ እሰጥሃለሁ» አለው። ማንም አልተገደደም። ዓመት ሳይሞላ የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች አዲስ ቤታቸው ገቡ። ሁሉም አልወጡም፤ ታች የቀሩም አሉ። የወጡት ግን ከሰፈራቸው አልራቁም፤ ድሮ ቤታቸው የነበረበት ሜዳ ከኮረብታው ሥር ነው።